በረዶው ከመረቡ ይቅደም

አዲስ አበባ ያለ አንድ ሆቴል ለምግብ ዝርዝሩ ዓሣ ሲገዛ ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ፣ ከጫሞ ወይም ከጣና የሚመጣው የራሳችን ዓሣ ነው። ሁለተኛው ባሕር ተሻግሮ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ በረዶ ሆኖ የሚገባው ነው። ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ከባቱ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያም ሆኖ የግዥ ሠራተኛው ባሕር የተሻገረውን የሚመርጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ለምን እንደሆነ ብትጠይቁት የጣዕም ጉዳይ አያነሣም። ካርቶኑ ላይ ክብደቱ ተጽፏል፣ ቁራጩ ሁሉ እኩል ነው፣ ደረሰኝ አለው፣ የሚመጣው ሳምንትም ያው ይገኛል ይላችኋል። የእኛ ዓሣ ግን ሰኞ በብዛት ይመጣና ሐሙስ ይጠፋል። አንዱ በጆንያ፣ ሌላው በፌስታል ያመጣዋል፤ ትልቁና ትንሹም ተደባልቆ ነው የሚቀርበው።

ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ለአስጋሪዎች፣ ፊሌቶ ለምታወጡ እናቶችና እህቶች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎችም ነው። የምመክራችሁ ነገር በአጭሩ ይኼ ነው፦ ከውጭ የሚገባው ዓሣ የሚበልጣችሁ በዓሣነቱ ሳይሆን በአያያዙና በቀጠሮ አክባሪነቱ ነው፤ ሁለቱንም እናንተ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። መንግሥት የውጭውን ይከልክልልን ብሎ መቀመጥ አያዋጣም። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ከቻይና የሚገባ የቀዘቀዘ ቆሮሶ የቪክቶሪያ ሐይቅን አስጋሪዎች ገበያ በዋጋ ሲሻማቸው፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ላይ ዕገዳ ጣለ። ቻይና ተቃወመች፤ ዕገዳውም ብዙም ሳይቆይ ተነሣ፤ ዓሣውም ተመልሶ ገባ። እኛም ጋ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ሲወሰን ዶላር በወራት ውስጥ በእጥፍ ተወዶ ነበር፤ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ በብር ሲታይ ከበደ። ይህ ለእናንተ የተከፈተ ዕድል ነው። ነገር ግን ዋጋ ያመጣውን ደንበኛ ዋጋ መልሶ ይወስደዋል። ደንበኛው በዚህ ጊዜ ወደ እናንተ ሲመጣ የሚያገኘው ነገር እንዲያስቀረው ማድረግ ነው ሥራው።

መጀመሪያ በረዶ

ገንዘብ ካላችሁ የመጀመሪያው ብር ለበረዶ ይውጣ። አዲስ መረብ ከመግዛታችሁ፣ ሞተር ከመቀየራችሁ፣ ማስታወቂያ ከማሠራታችሁ በፊት በረዶ ይቅደም።

ምክንያቱም ዓሣ መበላሸት የሚጀምረው ገበያ ላይ ሳይሆን ጀልባው ላይ ነው። ዓሣው እንደሞተ በስንጥቡ፣ በቆዳው ልጋግና በሆድ ዕቃው ያሉ ባክቴሪያዎች ሥራ ይጀምራሉ፤ ፍጥነታቸውን የሚወስነው ሙቀት ነው። በ10 ዲግሪ የተቀመጠ ዓሣ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ካለው አራት እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይበላሻል። በ25 ዲግሪ አንድ ሰዓት የቆየ ዓሣ ደግሞ በግምት በበረዶ ውስጥ ግማሽ ቀን ሊቆይበት የሚችለውን ዕድሜ ይጨርሳል። መረብ ንጋት ላይ ተነሥቶ ዓሣው እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ጀልባ ላይ ፀሐይ ሲመታው ካረፈደ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ የሚሸተው ሽታ መንገድ ላይ የመጣ አይደለም። በደንብ በበረዶ የተያዘ ቆሮሶ ግን ሁለት ሳምንት ገደማ ለምግብነት ሊቆይ ይችላል።

ስንት በረዶ ያስፈልጋል? ሒሳቡ ቀላል ነው። 24 ዲግሪ ሙቀት ያለውን ዓሣ ወደ ዜሮ ለማውረድ ብቻ የክብደቱን ሩብ ያህል በረዶ ይቀልጣል፦ ለ40 ኪሎ ዓሣ 10 ኪሎ በረዶ ማለት ነው። ይህ ማቀዝቀዣው ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ ከውጭ የሚገባውን ሙቀት የሚመክተው በረዶ በዚህ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ ከባቱ አዲስ አበባ በጥሩ ሳጥን ለሚሄድ ለሁለት ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ያዙ። ከባሕር ዳር ወይም ከአርባ ምንጭ ለሚነሣ አንድ ለአንድ ይሁን። ግማሹ ቦታ በበረዶ ተያዘ ብላችሁ አትቆጩ፤ ያ ቦታ የቀረውን ግማሽ ዋጋ የሚያስከብር ነው።

በረዶ መሥሪያ ማሽን ውድ ነው። አቅም እስኪኖር ድረስ ማኅበሩ ማራገፊያው አጠገብ ባለ ቤት አንድ ሁለት አግድም ፍሪዘር አስቀምጦ በቆርቆሮ ሣጥን ወይም በፕላስቲክ ባልዲ ውኃ ማርጋት ይችላል። ውኃው የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ ይሁን፤ ከሐይቅ በተቀዳ ውኃ የተሠራ በረዶ ቆሻሻውን ዓሣው ላይ ያቀልጠዋል። መብራት ስለሚቋረጥ የረጋውን በየጊዜው እያወጣችሁ በደንብ በተሸፈነ ሳጥን አከማቹ። ስትጠቀሙበት በጆንያ ጠቅልላችሁ በመዶሻ አድቅቁት። ትልቅ ድንጋይ የሚያህል በረዶ ዓሣውን ያቆስላል፣ በሚነካው ቦታ ብቻም ያቀዘቅዛል፤ የደቀቀው ግን ዓሣውን ዙሪያውን ይነካዋል። በጠርሙስ ውስጥ የረጋ ውኃ ከምንም ይሻላል፤ ከደቀቀ በረዶ ጋር ግን አይተካከልም።

ሳጥኑን አናጺ ሊሠራላችሁ ይችላል። ሁለት ግድግዳ፣ በመካከሉ ፎም፣ ከውስጥ የሚታጠብ ሽፋን፣ ከታች ደግሞ የቀለጠው ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ። ቀዳዳው እንዳይረሳ፤ ደም የተቀላቀለበት ውኃ ውስጥ የተኛ ዓሣ በረዶ እያለውም ይበላሻል። አደራደሩ ከታች በረዶ፣ ከዚያ አንድ ረድፍ ዓሣ፣ እንደገና በረዶ፣ እያለ ሄዶ ከላይ በበረዶ ይዘጋል። ሳጥኑን ጥልቅ አታድርጉት፤ የታችኛው ዓሣ በላይኛው ክብደት ይጨፈለቃል። በታንኳ የምትሠሩ ከሆነ ትልቅ ሳጥን አይመችም። ትንሽ ሳጥን ያዙ፤ እሱም ካልተገኘ ዓሣውን በረጠበ ጆንያ ሸፍናችሁ ጥላ ውስጥ አኑሩትና ዳር ላይ በረዶ ይጠብቀው።

እዚህ ላይ ብዙ ማኅበራት የሚሳቡበትን አንድ ሐሳብ ልቃወም። «እኛም እናቀዝቅዝና እንደነሱ እንሽጥ» የሚለውን ማለቴ ነው። ከውጭ የሚመጣው ዓሣ በፋብሪካ፣ በጣም ዝቅተኛ በሆነ ቅዝቃዜ፣ በአጭር ሰዓት የሚጠጥር ነው። በተራ ፍሪዘር የተከመረ ዓሣ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጠጥረው፤ በውስጡ የሚፈጠረው ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ሥጋውን ይበጣጥሰዋል፣ ሲቀልጥ ውኃ ይለቃል፣ መጥበሻ ላይ ይፈራርሳል። በነሱ ሜዳ ገብታችሁ ትሸነፋላችሁ። እነሱ ፈጽሞ ሊያመጡት የማይችሉት ትናንት የተያዘ ትኩስ ዓሣ ነው። ፍሪዘራችሁ በረዶ ይሥራ፤ ዓሣውን በበረዶ ይዛችሁ ትኩሱን ሽጡ።

መረቡና ጀልባው

ማታ የተጣለ መረብ ንጋት ላይ ሲነሣ አመሻሽ ላይ የተያዘው ዓሣ ሞቶ ሰዓታት አልፈውታል። ስለዚህ የምትችሉትን ያህል ዘግይታችሁ ጣሉ፣ ፀሐይ ሳትወጣ አንሡ። ስታወጡም ሁለት ሳጥን ይኑራችሁ። ዓይኑ የጠራና ጎላ ያለ፣ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ፣ በጣት ሲጫኑት ቦታው ተመልሶ የሚሞላው በአንደኛው ይግባ። ዓይኑ የደፈረሰና የጣት ጉድጓድ የሚቀርበት በሌላው። ሁለተኛውን እዚያው በአካባቢው የዕለቱን ዕለት ሽጡት፤ ከሆቴሉ ዓሣ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል። አንድ የሸተተ ዓሣ የሠላሳውን ስም ያጠፋል፤ ሼፉም የሚያስታውሰው እሱኑ ነው።

ዓሣ አይወረወር፣ አይረገጥ። ዳር ስትደርሱ ሆድ ዕቃው ቶሎ ይውጣ፣ መሬት ላይ ሳይሆን በሚታጠብ ጠረጴዛ ላይ። ይህ ከንጽሕና በላይ ሌላ ምክንያት አለው። በሐይቆቻችን ቆሮሶ ሆድ ውስጥ ጥገኛ ትሎች ይገኛሉ፤ ሆድ ዕቃው ሳይወጣ ከቆየ ወደ ሥጋው ሊሸጋገሩ ይችላሉ። ደንበኛ ሳህን ላይ አንድ ትል ካየ ስለ ዋጋ መነጋገር አበቃ።

ፊሌቶ፦ ሒሳቡን ሳትሠሩ አትጀምሩ

ሆቴልና ሱፐርማርኬት የሚፈልገው በአብዛኛው ፊሌቶ ነው፤ ከውጭ የሚገባውም በዚሁ መልክ ነው የሚወዳደራችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይከስራል። ከቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ ከሙሉው ክብደት ሲሶ ገደማ ነው። ለምሳሌ ሙሉው ዓሣ ኪሎው 200 ብር ቢሆን፣ በአንድ ኪሎ ፊሌቶ ውስጥ ያለው ዓሣ ብቻ 600 ብር ነው። በዚህ ላይ የምታወጣዋ ሴት የድካም ዋጋ፣ በረዶ፣ ማሸጊያ፣ ትራንስፖርት ይጨመራል። ከዚህ በታች የሚሸጥ ማኅበር እየሠራ የሚደኸይ ማኅበር ነው።

ልዩነት የምታመጣው የቢላዋ እጅ ናት። የሠለጠነች እጅ አጥንት ላይ ሥጋ አትተውም። 30 ኪሎ ዓሣ ገብቶ 9 ኪሎ ፊሌቶ ቢወጣና በሌላዋ እጅ 10 ኪሎ ቢወጣ፣ ያ አንድ ኪሎ ንጹሕ ትርፍ ነው። ስለዚህ በቀን የሚከፈል ደመወዝ ከምትሰጡ በወጣው ክብደትና በጥራቱ ክፈሉ፤ ቢላዋዋንም ማኅበሩ ይግዛላት፣ ይሳልላት። በአብዛኛው ሐይቅ ዳር ይህን ሥራ የሚሠሩት ሴቶች የማኅበሩ አባል ሳይሆኑ የቀን ሠራተኛ ሆነው ነው የሚቆዩት። ይህ ፍትሐዊ ካለመሆኑም ሌላ ለገበያውም ጎጂ ነው፤ የጥራቱ ቁልፍ በእጃቸው ነውና በትርፉም ድርሻ ይኑራቸው።

ፊሌቶው ከወጣ በኋላ ከታች መብራት ባለው መስተዋት ላይ ወይም ጠንከር ያለ መብራት ፊት ለፊት ያዙት። የቀረ አጥንት፣ ደም የቋጠረ ቦታ፣ ትል ካለ ይታያል። ከዚያ በመጠን ለዩት። ሼፍ እኩል ቁራጭ የሚፈልገው ለውበት ብቻ አይደለም፤ እኩል ካልሆነ አንዱ ሳይበስል ሌላው ያርራል። ጭንቅላትና አጥንቱን አትጣሉት፤ የዓሣ ሾርባ የሚሠሩ ቤቶች ይገዙታል። አምባዛና ዱባ የሚባሉት ዓሦችም የራሳቸው ገበያ አላቸው፤ ለጉላሽ፣ ለኮተሌት፣ ለወጥ ተስማሚ ናቸው። አምባዛን ቆሮሶ ነው ብሎ መሸጥ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ብልጠት ነው።

ሼፉን ፊት ለፊት አስመዝኑት

ለሽያጭ ስትሄዱ ወረቀት ሳይሆን ዓሣና ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ከውጭ የሚገባ የቀዘቀዘ ፊሌቶ ብዙውን ጊዜ እንዳይደርቅ በስስ የበረዶ ሽፋን ይለበጣል፤ አንዳንዱም ውኃ እንዲይዝ በሚያደርግ ቅመም ይነከራል። ስለዚህ ሼፉን በትሕትና እንዲህ በሉት፦ «ጋሼ፣ ከፍሪዘርዎ አንድ ኪሎ አውጥተው ያቅልጡት፣ ውኃውን ያጥሉትና ይመዝኑት። ከዚያ የእኛን አንድ ኪሎ ይመዝኑ። ሁለቱንም ይጥበሱና እንደገና ይመዝኑ።» የኪሎ ዋጋችሁ ከውጭው ከፍ ቢል እንኳ ሳህን ላይ የሚቀርበው ሥጋ ሲሰላ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። ቁጥሩን ራሱ ሼፉ ሲያየው እናንተ ሃያ ጊዜ ከምትናገሩት ይበልጣል።

ከዚያ የሚመጣው ቃል መግባት ነው፤ በጣም የምትጠነቀቁበትም እዚህ ነው። በሳምንት በአማካይ 100 ኪሎ የምታገኙ ከሆነ 50 ብቻ ቃል ግቡ። ማክሰኞና ዓርብ ካላችሁ ማክሰኞና ዓርብ ይሁን፣ ሰዓቱም ይታወቅ። የተረፈውን በለመዳችሁት መንገድ ሽጡ። ንፋስ ተነሥቶ ወይም እምቦጭ መረቡን ይዞት ዓሣ ከጠፋ፣ ገዢው ደውሎ እስኪጠይቅ አትጠብቁ፤ በዋዜማው እናንተ ደውሉ። ግዢ ክፍል ያለ ሰው የሚፈራው እጥረትን ሳይሆን ያልተነገረውን እጥረት ነው።

ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ ትልቅ ሆቴል አይገባም። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ተመዝግባችሁ፣ የግብር ከፋይ ቁጥርና ደረሰኝ ይኑራችሁ። በ1995 የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ለገበያ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃልና እሱንም ከክልላችሁ ቢሮ አውጡ። እሽጉ ላይ የሐይቁ ስም፣ የዓሣው ዓይነት፣ የተያዘበት ቀን፣ ክብደቱ፣ የማኅበሩ ስልክ ይጻፍ። አሜሪካ ውስጥ በሉዊዚያና ግዛት ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ምግብ ቤቶች የሚያቀርቡት ሽሪምፕ ከውጭ የገባ ከሆነ ለበላተኛው እንዲያሳውቁ በሕግ ይገደዳሉ። እናንተ ሕግ ሳትጠብቁ ደንበኛችሁን «የጫሞ ዓሣ»፣ «የዝዋይ ቆሮሶ» ብሎ ምግብ ዝርዝሩ ላይ እንዲጽፍ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሐይቁን በስሙ የጠራ በላተኛ ሌላ ጊዜም በስሙ ይጠይቃል።

ጾሙን ለዓመቱ ተጠቀሙበት

ዓሣ የማይበሉ ጿሚዎች ቢኖሩም፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የዓሣ ፈላጊ ይበዛል፤ ዋጋም ይወጣል። ያኔ ያለውን ሁሉ ለከፈለው ሁሉ መሸጥ ያስጎመጃል። ፋሲካ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ገዢ በአንድ ሌሊት ወደ ዶሮና በግ ይዞራል፤ ደንበኛ ያላስቀረ ማኅበር ዓሣውን ይዞ ይቀራል። እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለሚገዛችሁ ሆቴል በጾም ወቅት ዋጋውን እንደ ገበያው አትስቀሉበት፤ በምትኩ ከፋሲካ በኋላም በሳምንት ይህን ያህል እንደሚወስድ በጽሑፍ ይፈርምላችሁ። ከጾም ጋር የማይያያዙ ገዢዎችንም ፈልጉ፦ የውጭ አገር ሰዎች የሚያዘወትሩባቸው ምግብ ቤቶች፣ ኤምባሲዎች፣ ሆስፒታሎች፣ ዩኒቨርሲቲዎች። ገበያው ሲቀንስ የተረፈውን ዓሣ አድርቁ፤ ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ፣ ዝንብ በማይደርስበት መረብ ስር። የጣና የዓሣ ቋንጣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲሄድ የኖረ ነው።

ሐይቁን የሚያራቁተው ውድድር

ዋጋ ሲወደድ ጠባብ ቀዳዳ ያለው መረብ ይወጣል። በኮንትሮባንድ የሚገባው ስስ የናይለን መረብ ርካሽ ነው፤ ትልቁንም ጫጩቱንም ይጠርጋል፣ ሲቀደድም ሐይቁ ውስጥ ተጥሎ ዓሣ እየገደለ ይኖራል። ጣና ላይ ደግሞ ነጭ ዓሣ በክረምት ሊራባ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ሲወጣ በወንዞቹ አፍ መረብ እየተዘረጋ ዘሩ ክፉኛ ተመናምኗል። ከውጭ የሚያመጣው ነጋዴ የአንድ አገር ዓሣ ቢያልቅበት ከሌላ አገር ያዛል። እናንተ ሌላ ሐይቅ የላችሁም። ስለዚህ ማኅበራችሁ የመረብ ቀዳዳ መጠንና የመራቢያ ወራትን በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ያስገባ፤ ትንሽ ዓሣ ያመጣን አባልም አይረከበው። የማትረከቡት ዓሣ አይያዝም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ

አላስካ ውስጥ ብሪስቶል ቤይ የሚባል ቦታ አለ። ሳልመን የሚያሰግሩት ሰዎች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ለአንድ ፓውንድ ከ2 ዶላር በላይ ያገኙ ነበር። ኖርዌይና ቺሊ በእርባታ ባደጉ ሳልመኖች ገበያውን ሲያጥለቀልቁት በ2001 (እ.ኤ.አ.) ዋጋው ከግማሽ ዶላር በታች ወረደ። አስጋሪዎቹ ድምፅ ሰጥተው ከሽያጫቸው 1 በመቶ እያዋጡ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ጀልባ ላይ ማቀዝቀዝን አስፋፉ፤ ገዢዎችም ለቀዘቀዘው ዓሣ ተጨማሪ ዋጋ ይከፍሉ ጀመር። ባለሞተር ጀልባና ትልቅ ገበያ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ መንገዱ ግን ለእናንተም ይሆናል።

ከእያንዳንዱ ኪሎ ጥቂት ብር ለበረዶና ለዓሣ ሳጥን ብቻ የሚውል ካዝና ውስጥ ይግባ፣ ለሌላ ነገር አይነካ። በረዶ ይዞ ለወጣ አባል ማኅበሩ በኪሎ ጨምሮ ይክፈለው፤ ስብከት ያልለወጠውን ልማድ ጭማሪው ይለውጠዋል። መረብ በዱቤ ወስደው ዓሣቸውን አበዳሪው በቆረጠው ዋጋ የሚያስረክቡ አባላት ካሉ መጀመሪያ እነሱን ነጻ ማውጣት ይበጃል፤ ዕዳ ያለበት ሰው ለማኅበሩ ዓሣ ማምጣት አይችልምና። ደላላውን ግን ጠላት አታድርጉት። የተረፈውን የሚወስድላችሁ እሱ ነው።

ለሥልጠና የሰበታው ብሔራዊ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል፣ የባሕር ዳሩና የባቱው የምርምር ማዕከላት አሉ። ስትሄዱ «እርዱን» ብቻ ብላችሁ አትሂዱ። አንድ ደብተር ክፈቱና ለሦስት ወር እያንዳንዱን ርክክብ መዝግቡ፦ መረቡ የተነሣበት ሰዓት፣ በረዶ የገባበት ሰዓት፣ ስንት ኪሎ ሙሉ ዓሣ፣ ስንት ኪሎ ፊሌቶ፣ ስንት ኪሎ ተመለሰ፣ ለምን ተመለሰ። ይህን ደብተር ይዛችሁ ስትቀርቡ ባለሙያው የቱ ጋ እንደምትከስሩ ገጹን እያገላበጠ ያሳያችኋል፤ ብድር የምትጠይቁት ተቋምም ከማመልከቻው በፊት የሚያየው እሱን ነው።